ግጥም የሚተነትን ቻትቦት፦ ቀለም ቁጠር ሲሉት ፊደል ይቆጥራል

ግጥም ለጥፈው «ቅርጹን፣ ቤቱንና ስሜቱን ተንትንልኝ» የሚሉት የአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ቻትቦት በእንግሊዝኛ ሶኔት ብዙም አያሳፍርም፤ 14ቱን ስንኞችና የቤቱን (የስንኝ መድረሻዎች የድምፅ ስምምነት) አደራደር ወዲያው ያወጣል። አማርኛ ላይ ግን ጮክ ብለው ሳያነቡ እሱን ማመን አያዋጣም። ይህችን መንቶ (ባለሁለት ስንኝ ግጥም) እንስጠው፦

ደመናው ሲጠቁር ዝናብ መጣ ብዬ፣
ማሳ ላይ ቀረሁኝ ዘሬን ሁሉ ጥዬ።

የወል ቤት በሚባለው ምጣኔ የተገጠመች ናት፤ ስንኟ 12 ቀለም (ሲነበብ አንድ ላይ የሚወጣ የድምፅ ክፍል)፣ መሀል ላይ ስድስት ስድስት ሆኖ የሚሰበር። ቻትቦቱ በየስንኙ 15 ቆጥሮ «ምጣኔውን የሳተ» ብሎ ይፈርዳል። 15 የፊደሉ ብዛት ነው፤ የተጻፈውን እንጂ የሚሰማውን አያይም። የ«ደመናው» «ው»፣ የ«ሲጠቁር» «ር» እና የ«ዝናብ» «ብ» ከፊታቸው ያለውን ድምፅ ተደግፈው ያልፋሉ እንጂ ራሳቸውን ችለው ቀለም አይሆኑም።

«እንግዲያው ሳድስን አትቁጠር» ቢሉት ደግሞ ይብሳል። የ«ዝናብ»ን «ዝ» እና የ«ብዬ»ን «ብ»ም አብሮ ይጥልና በመጀመሪያው ስንኝ 10 አግኝቶ «ሰንጎ መገን ነው» ይላል፤ ሰንጎ መገን አምስት አምስት ሆኖ የሚሰበር ምጣኔ ሲሆን፣ ይህ ስድስትና አራት ሆኖ መሰበሩ እንኳ አያጠራጥረውም። የሚበጀው ቀለሙን ራስዎ ከፋፍለው መስጠት ነው፦ ደ-መ-ናው ሲ-ጠ-ቁር / ዝ-ናብ መ-ጣ ብ-ዬ። ያኔ እምብዛም አይስትም። (ይህን ከሠሩለት በኋላ ለእሱ ምን ሥራ ቀረው ቢሉ፣ እውነት አለዎት።)

ቤት ላይ «ብዬ»ን ከ«ጥዬ» ያለችግር ያገናኛል። «ደረሰ» እና «ነገሠ» ግን ፊደላቸው ስለተለያየ ብቻ ቤት አልመቱም ሊል ይችላል። ከመለጠፍዎ በፊት ሞክሼ ፊደላትን ወደ አንድ መልክ ይመልሱ።

ስሜት ላይ መጀመሪያ የሚመጣው መልስ «ተስፋና የተፈጥሮ ውበት» ነው፤ ደመናና ዝናብ ካየ በቃው። ሐዘኑን የተሸከመው «ቀረሁኝ» መሆኑን እንዲያይ፣ ለሚለው ስሜት ሁሉ አንድ አንድ ቃል ከስንኙ እየጠቀሰ እንዲያስረዳ ይዘዙት። መልሱ በግልጽ ይሻሻላል። ኅብረ ቃሉን (ሰምና ወርቁን አንድ ላይ የያዘውን ቃል) ግን ካልነገሩት ብዙውን ጊዜ አያገኘውም፦ «ዘሬን» ሰሙ እህል፣ ወርቁ ወገን ነው፤ ገበሬው ዘሩን በትኖ ዝናብ እንደቀረበት፣ ተናጋሪውም በማይጨበጥ ተስፋ ዘመዶቹን ጥሎ ወጥቷል። ይህን ከነገሩት በኋላ ደግሞ ደመናውም፣ ማሳውም፣ «መጣ»ም ሳይቀር ወርቅ ይሆኑበታል፤ እዚያ ላይ ውይይቱን መዝጋት ነው።