ማረምና ማነጽ ወይስ ሶሻል ወርክ?

ከታራሚዎች ጋር ለመሥራት የሚያስብ ተማሪ ብዙውን ጊዜ በእነዚህ ሁለት ዘርፎች መካከል ያመነታል።

የማረምና ማነጽ ትምህርት በቀጥታ ወደ ሥራው ያስገባል፤ ጥበቃ፣ የታራሚ አያያዝ፣ አመክሮ፣ እንዲሁም እ.ኤ.አ. በ2015 የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ያጸደቃቸው 122ቱ የኔልሰን ማንዴላ ደንቦች (የእስረኞች አያያዝ ዝቅተኛ መመዘኛዎች) ይጠኑበታል። ትልቁ ፋይዳው ግን የተሃድሶ ሳይንሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 የካናዳ ተመራማሪዎች ያቀረቡት ሞዴል ሦስት ነገር ይጠይቃል፦ ሰውየው ዳግም የማጥፋት ስጋቱ ምን ያህል ነው? ወደ ወንጀል የሚገፋው ምንድን ነው? በምን መንገድ ቢማር ይገባዋል? ስጋቱ አነስተኛ የሆነን ሰው ከከባድ ጥፋተኞች ጋር በአንድ ፕሮግራም መጨመር ጭራሽ ሊያበላሸው ይችላል። ይህን ሳያውቁ ታራሚ መመደብ አደገኛ ነው።

ሶሻል ወርክ ሰውን ማዳመጥ ያስተምራል። ሊፈታ ጥቂት ሳምንት የቀረውን ታራሚ «የመጀመሪያዋን ሌሊት የት ታድራለህ? መታወቂያ አለህ? ቤተሰብህ ይቀበልሃል?» ብሎ መጠየቅ፣ ዝም ሲልም መታገሥ ልምምድ ይፈልጋል። የሥራ ዕድሉም ሰፊ ነው፤ ሆስፒታልም ትምህርት ቤትም ይቀጥራል። ስለ ጥበቃ ግን እምብዛም አያስተምርም።

እኔ የምመርጠው በሶሻል ወርክ ጀምሮ በማረምና ማነጽ መቀጠልን ነው። የደንብ ልብስ ለብሶ ማገልገል ቁርጥ ሐሳቡ የሆነ ሰው ግን በቀጥታ ማረምና ማነጽ ቢገባ ይሻለዋል። በሁለቱም ቢሆን ከመመዝገብ በፊት ማረሚያ ቤት ውስጥ የተግባር ልምምድ መኖሩን ማጣራት ያስፈልጋል።