ካስክ ውስጥ ሆኜ ያመለጠኝ ድራማ፦ ስለ አንዲት የጅማ ፀጉር ቤት
ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ያለች ፀጉር ቤት ነች። ስሟን አልጠራም፣ ትንሽ ስለማማት።

ቅዳሜ ጠዋት 3 ሰዓት ደርሼ ወንበር ያገኘሁት 5 ሰዓት ተኩል ነው። ቀጠሮ ብሎ ነገር የለም። ቀድሞ የመጣ ይቀድማል ይባላል፣ ግን ሙሽራ ከነሚዜዎቿ ከገባች ወረፋውን ውሃ በላው በሉ። እጥበቱ ግን አንደኛ ነው። ውሃው ለብ ያለ ነው፣ ልጅቷ ጥፍሯን አታሳርፍም፣ ቢጎዲኑንም ስትጠቀልል አታሳምምም።

ችግሩ ካስኩ፣ ማለት የፀጉር ማድረቂያው፣ ነው። ግድግዳው ላይ ትልቅ ቲቪ አለ፣ በአማርኛ የተመለሰ የቱርክ ድራማ ቀኑን ሙሉ ይታያል፣ ካስክ ውስጥ ከገባችሁ ግን ከጩኸቱ የተነሳ አንድ ቃል አይሰማም፣ የሰዎቹን ፊት እያያችሁ ማን ማንን እንደከዳ መገመት ነው። ልክ የድራማዋ ልጅ በሩን ልትከፍት ስትል መብራት ጠፋ። ፀጉሬ ገና እርጥብ ነው።

ባለቤቷ አሜሪካ ብዙ ዓመት ኖረው የተመለሱ ሴትዮ ናቸው። ከሰል አቀጣጥለው ቡና መቁላት ጀመሩ። አንዷ «እትዬ፣ ዛሬ እዚሁ ልናድር ነው እንዴ?» ስትላቸው «አንቺ ምን ጠበቅሽና! ሱዛን ሉቺ 18 ጊዜ ባዶ እጇን ነው ቤቷ የገባችው» አሉ። ከዚያ በኋላ ማን ያስቁማቸው።

አሜሪካዊቷ ተዋናይ ሱዛን ሉቺ «ኦል ማይ ችልድረን» በሚባለው የአሜሪካው ቲቪ ጣቢያ የኤቢሲ ተከታታይ ድራማ ላይ ኤሪካ ኬንን ሆና የገባችው በፈረንጅ 1970 ነው፣ ድራማው ኤቢሲ ላይ እስካበቃበት እስከ 2011 ድረስም እዚያው ነበረች። 41 ዓመት አንድ ገጸ ባህሪ! ለቀን ድራማዎች ለሚሰጠው ኤሚ ሽልማት መጀመሪያ የታጨችው በ1978 ነው። ከዚያ መታጨት እንጂ መሸለም የለም፣ ነገሩ የኮሜዲያኖች መቀለጃ እስኪሆን ድረስ፣ እሷም ራሷ በ1990 «ሳተርዴይ ናይት ላይቭ» በሚባለው የቀልድ ፕሮግራም ላይ ወጥታ ቀልዳበታለች። በ1999፣ በ19ኛ እጩነቷ፣ ስሟ ሲጠራ አዳራሹ ብድግ ብሎ አጨበጨበ፣ ጭብጨባውም አልበርድ አለ። እትዬ እዚህ ጋ ሲደርሱ የቡናውን ምጣድ እንደ ዋንጫ ከፍ አድርገው ቆሙ። ጭሱ ሁላችንም ላይ ዞረ፣ እኛም አጨበጨብን፣ ምን እናድርግ!

(«ሶፕ ኦፔራ» የተባለውም የዱሮዎቹን የሬዲዮ ድራማዎች የሳሙና ፋብሪካዎች ስፖንሰር ያደርጓቸው ስለነበር ነው። ይህን ያወቅኩት ጆሮዬ ውስጥ የሻምፖ አረፋ እያለ ነው።)

መብራት የመጣው 8 ሰዓት ላይ ነው። ለእጥበትና ለካስክ 400 ብር ከፈልኩ፣ ቡናው በነፃ፣ ፀጉሬ እስከ ማክሰኞ አልተበላሸም። ሂዱ፣ ግን ቅዳሜ አይሁን፣ ስልካችሁንም ቻርጅ አድርጉ። ድራማውማ አልፎ ነበር፤ በሩ ጀርባ ማን እንደነበረ ያየ ካለ ይንገረኝ።