ለጋራዥ ኤሲ ለምትፈልጉ የጎንደር ሰዎች፦ አንድ ልጅ ልጠቁማችሁ

ዛሬ በአደባባይ የማመሰግነው አዘዞ አካባቢ የሚኖር አንድ ወጣት የኤሲ ባለሙያ ነው። ስሜን ፌስቡክ ላይ እንዳታወጪ ብሎ ስለለመነኝ አልጽፈውም። ምክንያቱም "ስራ ይበዛብኛል" ነው። በዚህ ዘመን ስራ በዛብኝ ብሎ የሚሸሽ ሰው ማግኘትም አንድ ነገር ነው።

ግቢያችን ውስጥ ያለውን የመኪና ጋራዥ የስፌት ቤት አድርጌዋለሁ። የሀበሻ ልብስ ነው የምሰፋው። ግድግዳው ብሎኬት፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ በሩ ወደ ምዕራብ የሚያይ ላሜራ ነው። ጎንደር ላይ በክረምት ኤሲ እፈልጋለሁ ብትሉ ይሳቅባችኋል። መጋቢትና ሚያዝያ ግን ሌላ ነው። ውጭው 30 ዲግሪ ሲጠጋ ቆርቆሮ ስር መቀመጥ አይቻልም። በሩን ልክፈተው ካልኩ የመንገዱ አቧራ ነጩ ሸማ ላይ ያርፋል። አቧራ የጠጣ የሰርግ ቀሚስ ማን ይወስድልኛል?

ሱቅ ስጠይቅ የሚመልሱልኝ በማሽን መጠን ብቻ ነበር። አንዱ ሻጭ ክፍሉን ሳያይ "24,000 ቢቲዩ ውሰጂ፣ ትገላገያለሽ" አለኝ። ቢቲዩ የሙቀት መለኪያ ነው፤ ኤሲው በሰዓት ምን ያህል ሙቀት እንደሚያወጣ የሚለካው በእሱ ነው። ይሄ ልጅ ግን መጥቶ ስለ ማሽን አንዲት ቃል ሳይናገር ሜትሩን አወጣ። ክፍሉ 3 በ6፣ ማለትም 18 ካሬ ነው። ከዚያ ጥያቄ ጀመረ። ስንት ሰው ይቀመጣል? ፀሐይ በየት በኩል ትመታለች? በስንት ሰዓት? "እትዬ፣ ካውያዎ ስንት ዋት ነው?" ሲለኝ ግን ገረመኝ። ገልብጠን አየነው፤ 2,000 ይላል።

"ይሄማ ማሞቂያ ነው" አለኝ። አንድ ሺህ ዋት በሰዓት ወደ 3,400 ቢቲዩ ሙቀት ይሰጣል። ካውያው ሲግል ወደ 7,000 ቢቲዩ ይለቃል ማለት ነው። "12,000 ቢቲዩ ኤሲ ገዝተው ከግማሽ በላዩን ካውያ ሊበላብዎት ነው" አለና የመተኮሻ ጠረጴዛውን በረንዳ ላይ እንዳወጣ መከረኝ። ማውጣቱ ምንም አላስወጣኝም።

ቀጥሎ ጣሪያው ነው። ኮርኒስ ሳይኖር ኤሲ አልገጥምም ብሎ ድርቅ አለ። ቆርቆሮው ስር ፎም፣ ከፎሙ በታች ኮምፔርሳቶ፣ በቆርቆሮውና በኮርኒሱ መሃል ደግሞ የሞቀው አየር የሚወጣበት ክፍተት። የላሜራውን በር ዙሪያ በጎማ ማሸግ። ይህን ሁሉ የሚሰራው አናጢ ነው፤ የኤሲው ልጅ ከዚህ አምስት ሳንቲም አያገኝም። እንዲያውም ገበያውን ነው ያሳነሰው፤ ምክንያቱም ይህ ሲሰራ 24,000 የተባለልኝ ወደ 12,000 ወረደ። ለአንድ ካሬ 600 ቢቲዩ ገደማ ይይዛል፤ 18 ካሬ ወደ 10,800 ይመጣል፤ የቀረው ለሰውና ለመብራት መጠባበቂያ ነው። ትልቁን ብገዛውስ ብዬ ጠይቄው ነበር። ለክፍሉ የበዛ ማሽን ቶሎ አቀዝቅዞ ይጠፋል፣ ወዲያው መልሶ ይነሳል፤ እንዲህ ሲነሳ ሲወድቅ መብራት ይበላል፣ ኮምፕሬሰሩም ቶሎ ይደክማል አለኝ። ኢንቨርተር የሆነው ግን ፍጥነቱን እየቀነሰ ስለሚሄድ እሱን ይውሰዱ አለኝ።

ስለ ዓይነቱም ብዙ ተነጋግረናል። በውሃ የሚሰራው ማቀዝቀዣ ርካሽ ነው፣ መብራትም ብዙ አይፈልግም። በበጋ የጎንደር አየር ደረቅ ስለሆነ በደንብ ይሰራል። ግን መስኮት ተከፍቶ ነው የሚሰራው፤ እኔ ደግሞ የሸሸሁት አቧራ ነው። እርጥበቱም ለጨርቅ አይሆንም። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ኤሲን ውሃ ማጠጣት ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። ጎማ ያለው፣ ከክፍል ክፍል የሚገፋውን አልወደደውም። በአንድ ቱቦ የክፍሉን አየር ወደ ውጭ ሲተፋ፣ በዚያው ልክ የውጭ ሙቅ አየር በየስንጥቁ ይገባል። በወንፊት ውሃ እንደ መቅዳት ነው። ግድግዳ ተቀዶ የሚገባው ሁሉ በአንድ የሆነው ደግሞ ጮኸ፣ አለቀ። ስለዚህ ስፕሊት የሚባለውን፣ የውስጡና የውጪው ክፍል ለየብቻ የሆነውን ወሰንኩ። የውጪው ክፍል የተሰቀለው በምስራቁ ግድግዳ ላይ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ጥላ የሚሆነው እሱ ስለሆነ።

አሁን የባለቤቴን ጉዳይ ልንገራችሁ። ማታ ማታ ባጃጁን እዚያው ጋራዥ ውስጥ ነበር የሚያሳድረው። ልጁ ይህን ሲሰማ ስራውን አቆመ። ስፕሊት ኤሲ ከውጭ አየር አያስገባም፤ ያንኑ የክፍሉን አየር ነው የሚያዞረው። በሩ በጎማ በታሸገ ክፍል ሞተር ቢነሳ የሚወጣው ጭስ እዚያው ይቀራል፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ ደግሞ ሽታ እንኳን የለውም፣ ሰው ይገድላል። ባለቤቴ "ለአንድ ደቂቃ ብቻ ነው የማስነሳው" ብሎ ተከራከረ። ልጁም በአክብሮት፣ ግን ሳይለሳለስ፣ "ጋሼ፣ ወይ ባጃጁ ወይ ኤሲው" አለው። ጥግ ላይ የነበረው የቤንዚን ጀሪካንም አብሮ ወጣ። አሁን ባጃጁ በረንዳ ላይ ሸራ ለብሶ ያድራል። ባለቤቴ እስካሁን ያጉረመርማል፤ እኔ ግን ይህን ብቻ ቢያደርግልኝም አመሰግነው ነበር።

ገጠማው ላይ ምን ማየት እንዳለብኝ አውቄያለሁ፤ ለእናንተም ይጠቅማል። የመዳብ ቱቦውን ካሰረ በኋላ በሳሙና አረፋ ማፍሰሱን አየ። ከዚያ ቫኪዩም ፓምፕ ሰክቶ አየሩንና እርጥበቱን መጠጠ። አንዳንዱ ገጣሚ ይህን ትቶ ትንሽ ጋዝ ለቆ አየሩን ያስወጣና ጨረስኩ ይላል፤ ቱቦ ውስጥ የቀረ እርጥበት ግን ውሎ አድሮ ማሽኑን ያበላሻል። ፓምፕ ሳይዝ የመጣ ገጣሚ ካያችሁ በሩን አሳዩት። ጌጁን፣ ማለትም የግፊት መለኪያውን፣ እያየ አንድ ነገር ነገረኝ። ባህር ጠለል ላይ ቫኪዩም ሲሟላ መርፌው ወደ 30 ኢንች ሜርኩሪ ይወርዳል። ጎንደር ከፍታዋ ከ2,100 ሜትር ስለሚያልፍ እዚህ ወደ 23 ገደማ ሲደርስ ይቆማል። ይህን የማያውቅ ሰው ፓምፑ ተበላሸ ወይም ቱቦው አፈሰሰ ብሎ ቀኑን ሙሉ ይለፋል። አየራችን በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ስለሆነ ማሽኑ የተጻፈበትን ያህል ሙሉ በሙሉ አይሰጥም። ግን መተማ ብዙ ኤሲ ገጥሟል፤ እዚያ ውጭው 40 ዲግሪ ያልፋል። የእኛ ውጭ ቀለል ያለ ስለሆነ ያካክሰዋል ይላል።

መብራቱን ከቆጣሪው ለብቻው በራሱ ብሬከር አምጥቶ፣ የመሬት መስመሩን አስሮ ነው የሰጠኝ። ስታቢላይዘርም አስገዝቶኛል። መብራት ሄዶ ሲመለስ ጥቂት ደቂቃ ሳልታገስ እንዳላበራው አስጠንቅቆኛል። ፊልተሩን በየሁለት ሳምንቱ አጥባለሁ፤ የጥጥ ብናኝ እንዴት እንደሚሞላው ብታዩ ትደነግጣላችሁ። 25 ላይ አድርጌው ነው የምውለው፤ ከዚያ በታች አላስፈለገኝም።

ጉድለቱንም ልንገራችሁ። ስልክ ቶሎ አያነሳም። ሐሙስ እመጣለሁ ያለው ሰው ቅዳሜ ነው የመጣው። በዓል ቀን ደግሞ ጨርሶ አትደውሉለት። ዋጋውን ግን ቀድሞ ቁርጥ አድርጎ ተናግሮ አንዲት ብር ሳይጨምር ጨርሷል።

ስልኩን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ እሱን አስፈቅጄ እልክላችኋለሁ። ከመደወላችሁ በፊት የክፍሉን ርዝመት፣ ወርድና ቁመት ለኩ፣ ኮርኒስ እንዳለውና በሩ ወደየት እንደሚያይ እወቁ፤ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እሱን ነው። ፍሪጅ ግን አይሰራም፣ በከንቱ እንዳትደክሙ።