ለድጋሚ ጨዋታ፦ ሳን አንድሪያስ ወይስ ሬዚደንት ኢቭል 4?

የደብረ ብርሃን ሐምሌ ከቤት አያስወጣም። ጋቢ ተከናንቤ፣ ቆሎዬን ከጎኔ አድርጌ፣ በአሮጌዋ ፕሌይስቴሽን 2 ድሮ የጨረስኳቸውን ሁለት ጌሞች እንደገና ጀመርኩ።

ሳን አንድሪያስ (2004) ሁሌም የሚነሳው ከዜሮ ነው፤ ዋናው ገጸ ባህሪ ሲጄ ያው ባዶ ኪሱን፣ ያው በብስክሌት። ካርታውን በቃል ማወቅ ግን ራሱን የቻለ ሀብት ነው። የአውሮፕላን ትምህርት ቤቱ ብቻ ዛሬም ያንገፈግፈኛል፤ ሳያልፉት ታሪኩ አይቀጥልም።

ሬዚደንት ኢቭል 4 (2005) ሌላ ነው። አንዴ ከጨረስከው መሣሪያህንና ገንዘብህን እንደያዝክ ከመጀመሪያው መንደር ትነሳለህ። ድሮ ባለመጋዙ ሰውዬ ሲመጣ ጆይስቲኩን ለታናሽ ወንድሜ ወርውሬ ነበር፤ አሁን ፈላጊው እኔ ነኝ! ደግሞ ጌሙ በድብቅ ይታዘብሃል፦ ጎበዝ ከሆንክ ያከብድብሃል፣ ደጋግመህ ከሞትክ ያቀልልሃል። ስለዚህ ሁለተኛው ዙር የመጀመሪያው ግልባጭ አይሆንም። ሲያልቅ የሚከፈተው ሜርሰነሪስ በሰዓት የተገደበ አጭር ፍልሚያ ነው፤ መብራት ብልጭ ድርግም ለሚልበት ሰፈራችን የተሠራ ይመስላል።

እኔ ሬዚደንትን እመርጣለሁ። ዝም ብሎ መንዳት ባማረኝ ቀን ግን ሳን አንድሪያስ።