በጅማ የከፍተኛ ደረጃ ስፓኒሽ ትምህርት፦ ልጄ የተማረችበት ማዕከል ሲገመገም

ልጄ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ናት። በትምህርት ቤቷ ስፓኒሽ ስለማይሰጥ፣ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ፈረንጅ አራዳ አካባቢ በሚገኝ አንድ የቋንቋ ማዕከል ከመደበኛው ትምህርት ውጭ ስትማር ቆይታ ዘንድሮ ቢ2 ላይ ደርሳለች፤ ይህም ከስድስቱ የአውሮፓ የቋንቋ ችሎታ ደረጃዎች አራተኛው ነው። ስፓኒሽን በዓለም የሚያስፋፋው የስፔን መንግሥት የሰርቫንቴስ ተቋም «አቫንሳዶ» (የላቀ) ብሎ ይጠራዋል። ቅሬታዬን ለኃላፊዎቹ በአካል ስለነገርኳቸው የማዕከሉን ስም እዚህ አልጠቅስም፤ ልጆቻቸውን ወደዚህ ደረጃ ለማድረስ ለሚያስቡ ወላጆች ግን ያየሁትን መጻፍ ተገቢ መስሎ ታይቶኛል።

መምህሩ በ1970ዎቹ ወደ ኩባ ተልከው «የወጣቶች ደሴት» ላይ ከተማሩት በሺዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ልጆች አንዱ ናቸው። ቋንቋውን አድገውበታል፤ ከዚያ በላይ ግን ያስደነቀኝ ተማሪው ቀድሞ ከሚያውቀው ተነስተው ማስረዳታቸው ነው። ለምሳሌ ስፓኒሽ ለቅርብ ሰው «ቱ»፣ ለሚከበር ሰው «ኡስቴድ» ይላል፤ «ኡስቴድ» ሲባል ግሱ ስለ ሦስተኛ ሰው የሚነገር ይመስላል። እኛም «እርስዎ ይመጣሉ» ስንል ግሱ «እሳቸው ይመጣሉ» ከሚለው አይለይምና የጅማ ልጅ ይህን ለመረዳት ብዙ ጊዜ አይፈጅበትም። «ፔሮ» የሚለው ቃል «ር» ሲላላ «ነገር ግን»፣ ሲጠብቅና ሲንቀጠቀጥ «ውሻ» ማለት መሆኑንም «አለ» ላልቶና ጠብቆ በሚሰጠን ሁለት ትርጉም አስረድተዋቸዋል። በቁቤ ማንበብ የለመዱ ልጆች አምስቱን አናባቢዎች ያለ ችግር ያነባሉ።

አስፈቅጄ ከኋላ ወንበር ተቀምጬ የተከታተልኩት አንድ ክፍለ ጊዜ ከአእምሮዬ አልጠፋም። መምህሩ ሰሌዳው ላይ ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ጻፉ፦ «ጅማ ስትመጣ ሁልጊዜ ቡና እንጠጣለን» እና «በሚቀጥለው ሳምንት ጅማ ስትመጣ ቡና እንጠጣለን»። በአማርኛ ሁለቱም «ስትመጣ» ናቸው። በስፓኒሽ ግን የመጀመሪያው የተለመደ ድርጊት ስለሆነ «ኩዋንዶ ቢዬኔስ»፣ ሁለተኛው ገና ያልሆነ ስለሆነ «ኩዋንዶ ቤንጋስ» ይሆናል። ተማሪዎቹ ደጋግመው ተሳሳቱ። መምህሩ መልሱን ከመንገር ይልቅ በየደብተራቸው ጠርዝ ላይ «የተለመደ ነው ወይስ ገና ያልሆነ?» ብለው እንዲጽፉ አደረጉ፤ ልጄ ዛሬም ድርሰት ስትጽፍ ይህን ጥያቄ ለራሷ ስታቀርብ እሰማታለሁ። ድርሰት ሲያርሙም ስህተቱን አስምረው ይመልሳሉ እንጂ አያስተካክሉትም፤ ተማሪው ራሱ አርሞ እንደገና ማቅረብ አለበት።

ችግሩ ያለው ማዳመጥ ላይ ነው። የሰርቫንቴስ ተቋም በስፔን የትምህርት ሚኒስቴር ስም የሚሰጠው ዴሌ የተባለው የስፓኒሽ ችሎታ ዲፕሎማ ጊዜ የማያልፍበት በመሆኑ ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ትልቅ ዋጋ አለው። በቢ2 ፈተና ማንበብና መጻፍ ተደምረው 50 ነጥብ፣ ማዳመጥና መናገር ተደምረው ሌላ 50 ነጥብ ይይዛሉ፤ ለማለፍም ከእያንዳንዱ ወገን ቢያንስ 30 ማግኘት ግድ ነው። ስለዚህ በሰዋስው የበረታ ልጅ የማዳመጥ ድክመቱን በጽሑፍ ሊያካክስ አይችልም። በልጄ ደብተር በሦስት ወር ውስጥ የቆጠርኩት የማዳመጥ ክፍለ ጊዜ አምስት ብቻ ነው፤ መብራት በጠፋባቸው ቀናት የቀሩትም አልተካሱም። መምህሩ እንደ ኩባውያን የቃል መጨረሻ «ስ»ን ያሳሳሉ፤ በስፓኒሽ «ቤት» እና «አደን» ማለት የሆኑትን ሁለት የተለያዩ ቃላትም ሁለቱንም «ካሳ» ብለው ያነባሉ። ይህ ስህተት አይደለም፤ በላቲን አሜሪካ የሚነገረው እንዲሁ ነው። ነገር ግን ልጄ ከማድሪድ የተላለፈ ዜና በስልኳ ስትሰማ፣ ተናጋሪው እንደ «አደን» ባሉት ቃላት በ«ስ» ፈንታ ምላሱን በጥርሶቹ መካከል እያደረገ የሚያወጣውን ድምፅ መለየት አቅቷት ግራ ስትጋባ አይቻለሁ። አንድን አነጋገር ብቻ የለመደ ጆሮ ለፈተና አይበቃም።

ከሁሉ ይበልጥ ያሳዘነኝ በሁለተኛው መንፈቅ የቢ1 እና የቢ2 ተማሪዎችን ለወላጅ ሳያሳውቁ በአንድ ክፍል ማዋሃዳቸው ነው። የሦስት ወር ክፍያ አስቀድመን ከፍለን ሳለ ልጄ አራት ሳምንት ሙሉ አምና የጨረሰችውን ስትደግም ቆየች። ስጠይቅ «ቁጥሩ ሲሞላ እንለያቸዋለን» ተባልኩ፤ እስካሁን አልተለዩም። በተጨማሪም ለታዳጊ ተማሪዎች ተብሎ የተዘጋጀው የዴሌ ፈተና ከቢ1 አያልፍም። በቢ2 ልጆች ከአዋቂዎች ጋር አንድ ዓይነት ወረቀት እንደሚፈተኑ ከማዕከሉ የነገረን ሰው አልነበረም፤ ይህን ብናውቅ ኖሮ ልጄ ስለ ሥራና ስለ ከተማ ኑሮ የሚያወሩ ጽሑፎችን ቀደም ብላ ማንበብ በጀመረች ነበር።

በመምህሩ ምክንያት ለቀጣዮቹ ሦስት ወራትም አስመዝግቤያታለሁ። ማዳመጡን ቤት ውስጥ ማታ ማታ ግማሽ ሰዓት ከስፔን፣ ከሜክሲኮና ከአርጀንቲና ሬዲዮ እያፈራረቅን እንለማመደዋለን። ልጁን ለማስመዝገብ የሚሄድ ወላጅ ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት በክፍሉ ውስጥ ስንት የቢ2 ተማሪ እንዳለ፣ በሳምንት ስንት ጊዜ የማዳመጥ ትምህርት እንደሚሰጥ፣ መብራት ሲጠፋም መቼ እንደሚካካስ በጽሑፍ ይጠይቅ።