«ዓይንሽን ጨፍነሽ ውሰጂ» ያሉኝ ራም

ላፕቶፓችሁ ላይ ራም (ኮምፒዩተሩ እየሠራ ያለውን ነገር ለጊዜው የሚይዝበት ሜሞሪ) ልታስጨምሩ ያሰባችሁ ካላችሁ ብሩን ከማውጣታችሁ በፊት ይቺን አንብቡ። እኔ ቀድሞ የነገረኝ ስላልነበረ ተበልቻለሁ።

የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ። ቀኑን ሙሉ የሂሳብ ፕሮግራሙ ፒችትሪ ክፍት ነው፣ ኤክሴል ክፍት ነው፣ ክሮም ላይ ደግሞ የማይዘጉ አሥራ አምስት ታቦች አሉ። የነበረኝ ራም 8 ጊጋ ነው። ከሰዓት ሲሆን ላፕቶፑ ሃንግ ማድረግ ይጀምራል። ሌላ 8 ጊጋ ልጨምር ብዬ ጥር ላይ ሱቅ ለሱቅ ዞርኩ። አንዱ ጋ ከሌሎቹ በ1,800 ብር ቀነሰልኝ። «ሳምሰንግ ኦርጅናል ነው እህቴ፣ ዓይንሽን ጨፍነሽ ውሰጂ።»

«እስክንገጥምልሽ ማኪያቶ ጠጥተሽ ነይ፣ ሃያ ደቂቃ ነው» አለኝ ልጁ። ሄድኩ። እንደዚያ ቀን ውድ ማኪያቶ በሕይወቴ ጠጥቼ አላውቅም።

ስመለስ ስክሪኑ ላይ 16 ጊጋ ይላል። ደስ አለኝ። ደረሰኝ ስጠይቅ «በደረሰኝ ከሆነ ቫቱ ይጨመርበታል» ተባልኩ። እኔ፣ በየወሩ የሰው ቫት ሳሳውቅ የምውለው ሴትዮ፣ «ይቅር በቃ» ብዬ ወጣሁ። ይሄን ስጽፍ ራሱ አፍራለሁ።

በአራተኛው ቀን ኮምፒዩተር ሲበላሽ የሚመጣው ሰማያዊው ስክሪን መጣ። መጀመሪያ የጠረጠርኩት ዊንዶውሱን ነው። ፎርማት አስደረግኩት፣ ሁለት ቀን ቆይቶ ያው ሰማያዊ። ከዚያ የአንድ ደንበኛዬ የፒችትሪ ፋይል አልከፈትም አለ። ባክአፕ ባልይዝ ኖሮ ምን እንደምላቸው እንጃ። የተበላሸ ራም ክፋቱ እዚህ ላይ ነው። እንደ ባትሪ ሞቶ አያርፍም። የጻፋችሁትን ቁጥር ያዛባና ኮምፒዩተሩ የተዛባውን እውነት ነው ብሎ ዲስኩ ላይ ያስቀምጠዋል።

ኮምፒዩተር የሚነካካ የሰፈራችን ልጅ ከፈተው። ውስጡ ሁለት ራም አለ፣ ሁለቱም «ሳምሰንግ»። እኔ ደግሞ ዐምና አቧራ ሳስጠርግ የድሮውን ራም በስልኬ ፎቶ አንስቼው ነበር። ፎቶው ላይ ያለው ሃይኒክስ የሚባል ሌላ ብራንድ ነው። የኔ የለም! ልጁ አንደኛውን ወደ መብራት አስጠግቶ ተለጣፊውን በጥፍሩ ጫረው፣ በቀላሉ ተላጠ። ሥሩ ያሉት ጥቁር ቺፖች ላይ ጽሑፉ ተፍቋል። ሁለተኛውን አየነው። ተለጣፊው ላይ ያለው ሲሪያል ቁጥር ከመጀመሪያው ጋር አንድ ነው። አንድ ዓይነት ሲሪያል ያላቸው ሁለት ራሞች! ቢያንስ ቁጥሩን እንኳ ለመቀየር አልደከሙም።

እያንዳንዱን ለብቻው ገጥሞ ሜምቴስት86 የሚባል የራም መፈተሻ ፕሮግራም አስነሳበት። ነፃ ነው፣ ከፍላሽ ነው የሚነሳው። አንደኛው ላይ ስክሪኑ በቀይ የስህተት ጽሑፍ ተሞላ። ባጭሩ አንድ ራም ልገዛ ሄጄ ደህናውን ራሜን አስረክቤ መጣሁ።

ሱቁ ተመልሼ ሄድኩ። «ከዚህ ስትወጪ ይሠራ ነበር፣ መብራት ነው ያቃጠለብሽ» አለኝ። አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች እንዲቀየርለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት እንዲጠይቅ መብት ይሰጠዋል። ግን ምን ይዤ? ደረሰኝ የለኝ። የሱቁንም ስም እዚህ የማልጠራው ለዚሁ ነው።

አሁን ለናንተ። ላፕቶፓችሁን ትታችሁ ማኪያቶ አትጠጡ። ውስጡ ያለውን ራም ክዳኑ እንደተነሳ ፎቶ አንሱት፣ ተለጣፊው ላይ ያለው ቁጥር እስኪነበብ ድረስ። ሲገጥሙ አጠገባቸው ቁሙ። ቅር ካላቸው ሌላ ሱቅ ሞልቷል።

ከቤት ሳትወጡ ደግሞ ምን እንደምትፈልጉ እወቁ። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጫኑ፣ በሚመጣው መስኮት ፐርፎርማንስ ውስጥ ሜሞሪ የሚለውን ክፈቱ። ፍጥነቱን፣ ስንት ስሎት (የራም መሰኪያ) እንዳለና ስንቱ እንደተያዘ ይነግራችኋል። አንዳንድ ቀጫጭን ላፕቶፖች ላይ ራሙ ከቦርዱ ጋር የተበየደ ስለሆነ መጨመር የሚባል ነገር የለም። ፍጥነቱ 2400 የሆነ ራም ላይ የ3200 ብትጨምሩ ሁለቱም በ2400 ነው የሚሄዱት፤ ለማይሠራ ፍጥነት ተጨማሪ ብር አትክፈሉ። የራም ትውልዶቹ ዲዲአር3፣ 4 እና 5 አንዱ በአንዱ ቦታ አይገባም፣ እዚህ ላይ እንኳ የሚሸውዳችሁ የለም።

የሚሸውደው ሌላ ነው። ከዱባይ የሚመጡት ያገለገሉ ላፕቶፖች ብዙዎቹ ዲዲአር3 ናቸው፣ እሱም ሁለት ዓይነት አለው። ተራው በ1.5 ቮልት ይሠራል፣ «ፒሲ3ኤል» የሚለው በ1.35 ቮልት። ቅርፃቸው አንድ ስለሆነ ተራው ራም የ«ኤል»ዋ ላፕቶፕ ውስጥ ቀጥ ብሎ ይገባል፣ ግን አራተኛው ትውልድ ኮር አይ5 ፕሮሰሰር ያለው ላይ ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ሊቀር ይችላል። ያቺን አንዲት ፊደል ተለጣፊው ላይ ፈልጓት። ዴስክቶፕ ያላችሁ ደግሞ «16 ጊጋ በግማሽ ዋጋ» ስትባሉ ጠርጥሩ። ብዙ ጊዜ ከሰርቨር የወጣ ነው፤ ዲዲአር4 ከሆነ ስሎቱ ውስጥ ይገባል፣ ተራ ኮምፒዩተር ላይ ግን አይነሳም።

ስለ ስም አንድ ነገር ልጨምር፣ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። የዓለምን የራም ቺፕ በብዛት የሚሠሩት ሳምሰንግ፣ ኤስኬ ሃይኒክስና ማይክሮን ናቸው። ኪንግስተን ቺፑን ከነሱ ገዝቶ ነው የሚሰካው። ስለዚህ ኪንግስተን ተብሎ የሃይኒክስ ቺፕ ብታዩበት ፎርጅድ ነው ብላችሁ ሻጩን አትጣሉት። «ሳምሰንግ» ተብሎ የሌላ ፋብሪካ ቺፕ ከተሰካበት ግን ተጣሉት። ሲፒዩ-ዚ የሚባለው ነፃ ፕሮግራምም ራሙ ላይ የተጻፈውን ፋብሪካና የተሠራበትን ሳምንት ያሳያል። ከተለጣፊው ጋር አስተያዩት። ይሄም መረጃ በፕሮግራም ሊቀየር ስለሚችል ሙሉ በሙሉ አትመኑት፣ ሰነፍ አጭበርባሪ ግን ይይዝላችኋል።

አሁን ደግሞ ጊዜው ለነሱ ተመችቷል። ከመስከረም 2018 ወዲህ የአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ዳታ ሴንተሮች የራሙን ምርት እየወሰዱት ዋጋው በመላው ዓለም ወደ ላይ ወጥቷል። ማይክሮን ጭራሽ ክሩሻል በሚል ስም ለተራው ሰው የሚሸጠውን ንግድ እንደሚተው ኅዳር 2018 ላይ አስታውቋል። ዕቃው ሲወደድ አሮጌ ራም ላይ አዲስ ተለጣፊ መለጠፍ ያዋጣል። በዚህ ገበያ መሃል አንዱ ብቻውን በ1,800 ብር ሲቀንስልኝ ለምን ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ።

ከገዛችሁ በኋላ ያንኑ ማታ ሜምቴስት86 አስነስታችሁ ተኙ፣ ጠዋት ውጤቱን እዩት። አንዲት ስህተት ብቻ ብታሳይም መልሱት። ሱቁ ውስጥ «ይኸው ይነሳል» ማለት ምንም ማለት አይደለም፣ የኔም ተነስቶ ነበር።

ሁለቱ ራሞች ጠረጴዛዬ መሳቢያ ውስጥ አሉ። ሲሪያላቸው በ4ኤፍ7 ነው የሚያልቀው። ሦስተኛውን የያዘ ካለ ፎቶውን ይላክልኝ።