ድሬዳዋ ላይ የድሮ ጂፕ ኤሌትሪክ ለማሠራት፦ ማን ጋ ይኬዳል?

ዘንድሮ ለዕረፍት ከስዊድን ወደ ድሬ ስመጣ አንድ ጉዳይ ይዤ ነበር፤ የአጎቴን ኤም 38 ኤ 1 ወታደራዊ ጂፕ ኤሌትሪክ እንደ ጥንቱ አድርጎ ማሠራት። ይህ ሞዴል መመረት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1952 ነው፤ አገራችን ከአሜሪካ ጋር የወታደራዊ እርዳታ ስምምነት የፈረመችው በዓመቱ ነበር። ከውጭ መጥታችሁ የቤተሰብ መኪና ማስነሳት የምታስቡ ካላችሁ፣ የት ምን እንዳገኘሁ ልንገራችሁ።

ከአዲስ መለዋወጫ ሱቆች አትጀምሩ። ባለሱቆቹ ጨዋዎች ናቸው፤ ግን የሁሉም መልስ አንድ ነው፦ «12 ቮልት አድርገውና የቶዮታ ዲናሞ ግጠምለት፣ ተገላገል አቦ!» ዲናሞ ማለት ሞተሩ ሲዞር ኤሌትሪክ እያመነጨ ባትሪውን የሚሞላው ነው። መኪናው መነሳቱን ይነሳል። ሆኖም ሞተሪኖው (ሞተሩን የሚያስነሳው)፣ ኮይሉ (ለካንዴላው እሳት የሚሰጠው) እና ጌጆቹ በሙሉ ለ24 ቮልት የተሠሩ ስለሆኑ አንዱን ከነካችሁ ሌላውንም መቀየር ነው። ያ ሁሉ ከተቀየረ በኋላ ያ መኪና ነው ማለት ለእኔ አይዋጥልኝም። አንድ ሱቅ ደግሞ ኦሪጅናል ነው ብሎ የሸጠኝ ሬጉሌተር (የዲናሞውን ቮልት የሚቆጣጠረው) ሲፈተሽ የ12 ሆኖ ተገኘ፤ ልመልስ ብል እምቢ አለ። ሳታስለኩ አትክፈሉ።

በ24 ቮልት መቆየቱ ድሬ ላይ የሚያስቸግር መስሏችሁ ከሆነ አያስቸግርም። በጅቡቲ መስመር የሚመላለሱት ከባድ መኪኖች 24 ስለሆኑ አምፖሉ እንደ ልብ ነው። ባትሪውም ሁለት ባለ 12 ቮልት በተከታታይ ማገናኘት ነው። የገዛንበት ሱቅ ሁለቱንም ቻርጅ አድርጎ፣ ለክቶ አሳይቶ ነው ያስረከበን፤ ተመስግኗል።

ዋናው ሰው ግን ለገሃሬ አካባቢ ያገኘኋቸው ዲናሞ ጠምጣሚ አዛውንት ናቸው። ድሬ ባቡሩ እ.ኤ.አ. በ1902 ሲደርስ የተቆረቆረች ከተማ ናት፤ እሳቸውም ሙያውን የቀሰሙት በድሮው የባቡር ወርክሾፕ ነው። አዲስ ዲናሞ ከውጭ ላስልክ ስላቸው፣ የፈታነውን በእጃቸው አገላብጠው አዩና፦ «ይሄ ምን ሆነ አቦ! ካርቦኑ ነው ያለቀው፣ መዳቡ ገና ነው» አሉኝ።

አጠገባቸው ተቀምጬ አየሁ። ካርቦን የሚሉት ከሚሽከረከረው መዳብ ጋር እየተሻሸ ኤሌትሪኩን የሚያስተላልፈውን ቁራጭ ነው። ካርቦኑ የሚተሻሽበትን መዳብ ጎርባጣውን ቶርኖ ቤት ወስደው በስሱ አስላጩት። ከዚያ የመጋዝ ምላጭ በሞረድ አሳስተው፣ በመዳቦቹ መካከል ያለውን ሚካ (ኤሌትሪክ የማያሳልፈውን መለያ) አንድ በአንድ ዝቅ አደረጉት፤ ሚካው ከመዳቡ እኩል ከሆነ ካርቦኑ ይዘላል፣ ብልጭታው መዳቡን ይበላዋል። አዲሱን ካርቦን ከትልቅ ሞተር ካርቦን ቆርጠው፣ ልኩ እስኪገባ በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈጉት። ከተገጠመ በኋላም ዲናሞው የአሉታዊና የአዎንታዊ ዋልታውን እንዲይዝ ባትሪ ለቅጽበት አስነኩት። ይህን የሚዘል ሠራተኛ ብዙ ነው። የተነጋገርነው ዋጋ አልተለወጠም፤ የተቀየረውን ዕቃም በጨርቅ ጠቅልለው ሰጡኝ።

ሐረርም ወጥቼ ነበር። በሸዋ በር በኩል ያገለገለ ብረታ ብረት ከሚሸጡት አንዱ ጋ የኋላ መብራት ቤት አገኘሁ፤ ባለቤቱ ሳልገዛ ፈትቼ እንዳየው ፈቀደልኝ። ውስጡ ዝገት ነው፣ ግን ቅርጹ ትክክለኛው ነው።

ሽቦው ሌላ ጉዳይ ነው። ጂፑ ውኃ ውስጥ እንዲሻገር ታስቦ ስለተሠራ ማያያዣዎቹ ሁሉ ውኃ የማያስገቡ ናቸው፣ በየሽቦው ጫፍም ቁጥር የተመታበት ትንሽ ብረት አለ። የድሬ ሙቀት ጎማውን አድርቆ ሰነጣጥቆታል። ይህ እዚህ አይገኝም፤ ከውጭ ስትመጡ በሻንጣችሁ ልትይዙት የሚገባው ይኸው ነው፤ ማያያዣ፣ የጎማ ማሸጊያ፣ ባለ ቁጥሩ ብረት። ቀላል ነው፣ ቦታ አይፈጅም። ዲናሞና ሞተሪኖ ግን ተሸክማችሁ አትምጡ፤ የሚያድናቸው እጅ እዚህ አለ።

ወደ አዛውንቱ የምትሄዱ በጠዋት ሂዱ። ከ6 ሰዓት በኋላ ሙቀቱም በርጫውም ስላለ እስከ 10 ሰዓት ዝግ ነው፤ ቀጠሮ ከያዙ ግን አያፈርሱም። የነዳጅ ጌጁ ብቻ እስካሁን አልተገኘም። የሌላ መኪና ጌጅ እንዳይገጠምበት አጎቴ ቦታውን ክፍት ትቶታል፤ ነዳጁን በእንጨት እየለካ ይነዳል።